የጀልባ ክፍሎችና ስሞቻቸው፤ በሐይቅ ላይ ለሚንሸራሸሩና ጀልባ ለሚያስመጡ ነጋዴዎች

ጀልባ የሚሸጥ፥ የሚያከራይ ወይም ከውጭ አገር የሚያስመጣ ነጋዴ የዕቃውን ስም ማወቅ አለበት ቢባል ለማንም እንግዳ ነገር አይደለም፤ ጨርቅ የሚሸጥ ሰው ክንድንና ወርድን፥ ቡና የሚልክ ሰው ደረጃንና እጥበትን እንደሚያውቅ ያለ ነው። ነገር ግን ጀልባ ከሌላው ዕቃ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። የጨርቅ ስም ቢሳሳት ጉዳቱ በገንዘብ ይታረማል፤ የጀልባ ክፍል ስም ግን በውኃ ላይ በጥድፊያ የሚጠራ ትእዛዝ ስለሆነ፥ የሰማው ሰው ወዲያው ካልገባው የሚደርሰው ጉዳት በገንዘብ የሚታረም አይሆንም። ስለዚህ ከዚህ ቀጥሎ የምንገልጻቸው ስሞች ሁለት አገልግሎት አላቸው፤ አንደኛው በፕሮፎርማ ኢንቮይስና በትእዛዝ ደብዳቤ ላይ ሲሆን፥ ሁለተኛው በዕረፍት ቀን ቤተሰቡን ይዞ ወደ ቢሾፍቱ፥ ወደ ላንጋኖ፥ ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ ባሕር ዳር ለሚወርድ ሰው ነው።

ቋንቋችን መርከብ፥ ጀልባ፥ ታንኳ፥ መልሕቅ፥ መቅዘፊያ፥ ሸራና ወደብ የሚሉትን ስሞች ከጥንት ጀምሮ ይዟል። ለሞተር ጀልባ ጥቃቅን ክፍሎች ግን የጸና ስም ገና ስላልወጣላቸው፥ በፋብሪካዎች ካታሎግ ላይ የሚገኘውን የእንግሊዝ ባሕረኞች ስም በፊደላችን እየጻፍን ትርጓሜውን በአማርኛ እንሰጣለን። አንባቢ ሁለቱንም ቢይዝ ይጠቀማል፤ አንዱ ከፋብሪካው ጋር ለመጻጻፍ፥ ሌላው ከጀልባ ነጂው ጋር ለመነጋገር ያገለግለዋልና።

ከሁሉ በፊት አራቱን ወገኖች እንያዝ። የጀልባው የፊት ጫፍ፥ ውኃውን የሚሰነጥቀው ግንባሩ፥ ባው ይባላል። የኋላው ጫፍ ስተርን ነው። ወደ ግንባሩ ዞሮ ለቆመ ሰው በግራ እጁ ያለው ጎን ፖርት፥ በቀኝ እጁ ያለው ጎን ስታርቦርድ ይሰኛል። ግራና ቀኝ ማለት እየተቻለ ልዩ ስም ማውጣት ለምን አስፈለገ የሚል ሰው ይኖራል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በጀልባ ላይ ሰዎች ፊት ለፊት እየተያዩ ይቀመጣሉ፥ በሁለት መቅዘፊያ የሚቀዝፍ ሰውም ብዙ ጊዜ ጀርባውን ወደሚሄድበት ሰጥቶ ነው የሚቀዝፈው። በዚህ ጊዜ የአንዱ ቀኝ የሌላው ግራ ይሆናል። ፖርትና ስታርቦርድ ግን ሰውየው በየትም በኩል ቢዞር ከጀልባው ጋር ተጣብቀው የሚኖሩ ስሞች ናቸው። እነዚህን ባዕድ ስሞች ለመያዝ የማይወድ ሰው «የጀልባው ግራ»፥ «የጀልባው ቀኝ» ብሎ ቢያስተምር ያው ነው፤ ዋናው ነገር «የጀልባው» የሚለው ቃል እንዳይቀር ነው።

ስታርቦርድ የሚለው ስም የመጣው የመርከብ መሪ በኋላው መካከል ላይ መተከል ከመጀመሩ በፊት ከነበረው ዘመን ነው። በዚያን ጊዜ የሰሜን አውሮጳ ባሕረኞች መርከባቸውን የሚመሩት በቀኙ ጎን በተንጠለጠለ ሰፊ መቅዘፊያ ስለነበረ ያ ጎን የመሪው ጎን ተባለ። ይህ መቅዘፊያ እንዳይሰበር ሲሉም መርከቡን ወደ ወደቡ የሚያስጠጉት በግራው ጎን ነበር፤ ፖርት ማለትም ወደብ ማለት ነው። እንግሊዞች ግራውን ጎን ቀድሞ ላርቦርድ ይሉት ነበር። ነገር ግን በማዕበልና በነፋስ ጩኸት መካከል ላርቦርድና ስታርቦርድ ድምፃቸው ስለሚመሳሰል፥ የእንግሊዝ ባሕር ኀይል እ.ኤ.አ. በ1844 ላርቦርድ ቀርቶ ፖርት እንዲባል አዘዘ። ያን የሚያህል ባሕር ኀይል ስለ አንድ ቃል ድምፅ ትእዛዝ ማውጣቱ፥ በውኃ ላይ የስም ነገር ምን ያህል እንደሚከብድ ያሳያል።

ሁለቱ ጎኖች ሌሊት በመብራት ይለያሉ። በፖርት በኩል ቀይ፥ በስታርቦርድ በኩል አረንጓዴ መብራት ይበራል። ርዝመቱ ከ12 ሜትር ያነሰ የሞተር ጀልባ ከእነዚህ ሌላ በዙሪያው ሁሉ የሚታይ አንድ ነጭ መብራት ቢይዝ ይበቃዋል። የመብራቱ ጥቅም የሌላው ጀልባ የትኛው ጎን ወደ እኛ እንደ ዞረ መናገሩ ነው። በቀኛችን በኩል ቀይ መብራት ብናይ፥ ያ ጀልባ ከቀኝ ወደ ግራ መንገዳችንን ሊያቋርጥ ነው ማለት ስለሆነ እኛ ፍጥነት ቀንሰን በኋላው ልናሳልፈው ይገባናል። በግራችን አረንጓዴ ብናይ መንገዱን የሚለቀው እርሱ ነው። ሁለት የሞተር ጀልባዎች ግንባር ለግንባር ሲገናኙ ሁለቱም ወደ ስታርቦርድ ይዞራሉ። ይህ ሥርዓት የሚገኘው እ.ኤ.አ. በ1972 በተደረገውና በ1977 በሥራ ላይ በዋለው የባሕር ግጭት መከላከያ ስምምነት ነው። ሐይቆቻችን ከባሕር ጋር የሚገናኙ ስላልሆኑ ስምምነቱ በቀጥታ ባይደርስባቸውም፥ ነጂዎች ሁሉ አንድ ልማድ ቢይዙ ይሻላል። መብራት የሌለውን የዓሣ አጥማጅ ታንኳ ግን ማንም ደንብ ሳያስገድደው የሞተር ጀልባ ነጂ ራሱ ርቆት፥ ፍጥነቱንም ቀንሶ ሊያልፈው ይገባል፤ ጀልባው ከኋላው የሚያስነሣው ሞገድ ብቻውን ታንኳ ይገለብጣልና።

የጀልባው ገላ ሐል ይባላል፤ በታችኛው መካከል ከግንባር እስከ ኋላ የሚሄደው አከርካሪ ኪል ነው። እዚህ ላይ የጣናን ታንኳ ከዛሬው ጀልባ ጋር ማስተያየት ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። የጣና ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገል በራሱ ከውኃ የቀለለ ስለሆነ ታንኳው ውኃ ቢያገኘውም ወዲያው አይሰጥምም፤ እያደር ግን ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ባለቤቶቹ እያወጡ ያደርቁታል። ከአሉሚኒየም ወይም ከፋይበርግላስ የተሠራ ጀልባ ግን ማቴሪያሉ ራሱ ከውኃ የከበደ ነው። የሚንሳፈፈው ቅርጹ ውኃውን ገፍቶ ስፍራውን ስለያዘ ብቻ ነው። ውስጡ በውኃ ከተሞላ የሚያነሣው ነገር የለውም፤ በገላው ውስጥ የታሸገ ፎም ካልተደረገለት በቀር ወደ ታች ይወርዳል። በአሜሪካ ከ20 ጫማ ለሚያንሱት ለአብዛኞቹ የሞተር ጀልባዎች ይህ መንሳፈፊያ ፎም በሕግ የታዘዘ ነው። ከሌላ አገር የሚያዝ ነጋዴ ግን «ውኃ ቢሞላበት ይንሳፈፋልን?» ብሎ መጠየቅና መልሱን በጽሑፍ መቀበል አለበት። እንዲህ ያለው ጀልባ ቢገለበጥ ተሳፋሪው ጀልባውን ይዞ መቆየት አለበት እንጂ ወደ ዳር ለመዋኘት መነሣት የለበትም። ዳሩ ለዐይን ከሚታየው ይልቅ ሩቅ ነው፤ የተገለበጠ ጀልባም ከአንድ ሰው ራስ ይልቅ ከሩቅ ይታያል።

አሁን ወደ ልኬቶቹ እንለፍ። ርዝመቱን ሁሉም ያውቀዋል። ቢም የሚባለው የጀልባው ትልቁ ወርድ ነው። ድራፍት ማለት ከውኃው ፊት እስከ ታችኛው ጫፍ ድረስ ያለው በውኃ ውስጥ የገባው ክፍል ሲሆን፥ ጀልባው የት ድረስ ወደ ዳር ሊጠጋ እንደሚችል የሚናገር ነው። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ልንቆይበት የሚገባን ፍሪቦርድ የሚሉት ልኬት ነው፤ እርሱም ከውኃው ፊት ጀምሮ እስከ ጎኑ ጠርዝ ድረስ ከውኃ በላይ የቀረው ግድግዳ ነው። ጠርዙን ባሕረኞች ጋነል ይሉታል። እኛ ፍሪቦርድን «ደረቅ ጎን» ብለነዋል፤ የተሻለ ስም ያለው አንባቢ ቢኖር ደስ ይለናል። ጀልባው ከሞገድ የሚጠበቅበት ሀብቱ ይህ ደረቅ ጎን ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ተሳፋሪም ከዚሁ ሀብት ላይ ጥቂት ይቀንሳል።

ምን ያህል እንደሚቀንስ ማስላት ለነጋዴ የሚያስቸግር አይደለም። ርዝመቱ 4 ሜትር፥ ወርዱ 1 ሜትር ተኩል የሆነ ጀልባ እንውሰድ። ግንባሩ የሾለ ስለሆነ በውኃው ፊት ላይ የሚይዘው ስፋት ሙሉ 6 ካሬ ሜትር ሳይሆን 5 ያህል ነው እንበል። አምስት ካሬ ሜትር በ1 ሣንቲ ሜትር ሲሰጥም የሚገፋው ውኃ 50 ሊትር፥ ክብደቱም 50 ኪሎ ነው። ስለዚህ በየ50 ኪሎው ጭነት ጀልባው 1 ሣንቲ ሜትር ይወርዳል። እያንዳንዳቸው 70 ኪሎ የሚመዝኑ አራት ሰዎች 280 ኪሎ ስለሚሆኑ ወደ 6 ሣንቲ ሜትር፥ ስምንት ሰዎች ግን ከ11 ሣንቲ ሜትር በላይ ያወርዱታል። ባዶውን 40 ሣንቲ ሜትር ደረቅ ጎን የነበረው ጀልባ ስምንት ሰው ሲጭን 29 ሣንቲ ሜትር ቀረው ማለት ነው። «ገና ብዙ አለው» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል፤ ይህ ስሌት ግን ሁሉም በየቦታው ተካፍሎ፥ ሳይንቀሳቀስ፥ ውኃውም እንደ መስተዋት ረግቶ ሳለ ነው። ሦስት ሰዎች ፎቶግራፍ ለመነሣት ወደ አንድ ጎን ቢሰበሰቡ የዚያ ጎን ጠርዝ ከስሌቱ እጅግ በበለጠ ይወርዳል። የሚቆም ሰው ደግሞ ክብደቱን ወደ ላይ ስለሚያነሣው ጀልባው ለመገልበጥ የቀረበ ይሆናል። በትንሽ ጀልባ ላይ ቁጭ በሉ የሚባለው ለጨዋነት ሲባል አይደለም። ቦታ መለወጥ ያስፈለገ እንደ ሆነ አንድ ሰው ብቻ፥ ጎንበስ ብሎ፥ በሁለት እጁ ሁለቱን ጠርዞች ይዞ፥ በመካከሉ ይሂድ።

የጭነቱን ልክ የሚናገር ሰሌዳ በብዙ ጀልባዎች ላይ ይገኛል። አሜሪካኖች ከ20 ጫማ በሚያንሱ የሞተር ጀልባዎች ላይ የሰውን ቁጥር፥ ጠቅላላውን ክብደትና የሞተሩን ከፍተኛ የፈረስ ጉልበት የሚያሳይ ሰሌዳ እንዲለጠፍ ያስገድዳሉ። ሰሌዳ ለሌለው ባለ አንድ ገላ ትንሽ ጀልባ ደግሞ ርዝመቱንና ወርዱን በጫማ አባዝቶ በ15 ማካፈል የተለመደ ነው፤ በሜትር ለሚለካ ሰው በ1.4 ቢያካፍል ያው ነው። ከላይ የጠቀስነው ጀልባ በዚህ መሠረት የሚይዘው አራት ሰው ብቻ ነው፤ ይህም መልካም አየር ሲሆን ነው። በአውሮጳ ኅብረት የሚሸጡ ጀልባዎች ከኤ እስከ ዲ በሚደርሱ አራት ፊደላት ይመደባሉ። ዲ የተባለው ሞገዱ በተለመደው 30 ሣንቲ ሜትር፥ አልፎ አልፎም ግማሽ ሜትር ለሚደርስ የተከለለ ውኃ የተሠራ ሲሆን፥ ሲ የተባለው እስከ 2 ሜትር የሚደርስ ሞገድ ይችላል። በተራራ ለተከበቡት ለትንንሾቹ የቢሾፍቱ ሐይቆች ዲ ሊበቃ ይችላል፤ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ለሚሆነው ለጣና ግን ሲ የተባለውን መጠየቅ ይገባል ብለን እናምናለን። ዋጋው ትንሽ ረከሰ ብሎ ለጣና ዲ ማምጣት ንግድ አይባልም።

ትራንሰም የሚባለው የጀልባውን ኋላ የሚዘጋው ጠፍጣፋ ሳንቃ ነው፤ አውትቦርድ የተባለው በውጭ የሚንጠለጠለው ሞተር የሚታሰረው በእርሱ ላይ ነው። አስመጪዎች ይህን ስም አጥብቀው ይያዙ። ሞተሮቹ የሚሸጡት በፈረስ ጉልበት ብቻ ሳይሆን በዘንጋቸው ርዝመት ጭምር ነው፤ አጭሩ ለ15 ኢንች፥ ረጅሙ ለ20 ኢንች፥ ከዚያ የበለጠው ለ25 ኢንች ትራንሰም የተዘጋጀ ነው፤ በሜትር ቤት 38፥ 51 እና 64 ሣንቲ ሜትር ያህል ይሆናሉ። አጭር ዘንግ ያለው ሞተር በረጅም ትራንሰም ላይ ቢሰቀል ፕሮፔለሩ፥ ማለት ውኃውን የሚገፋው ተሽከርካሪ፥ ወደ ውኃው ፊት ስለሚቀርብ አየር እየሳበ ይጮኻል፥ ጀልባውም አይገፋም። ረጅም ዘንግ በአጭር ትራንሰም ላይ ከሆነ ደግሞ ከታች እየጎተተ ነዳጅ ያባክናል፥ ጥልቀት በሌለው ዳርም መሬት ይመታል። በትክክል የተሰቀለ ሞተር ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ክንፉ ከጀልባው ታች ጋር ትክክል ይሆናል። ስለዚህ በትእዛዝ ደብዳቤ ላይ «40 የፈረስ ጉልበት ሞተር» ብሎ መጻፍ ግማሽ ትእዛዝ ነው፤ የትራንሰሙ ከፍታ በሣንቲ ሜትር ተለክቶ መጻፍ አለበት።

ሌላም ነገር አለ፤ የውጭ አገር ሻጮች በባሕር ዳርቻ ስለሚኖሩ እኛ ካልነገርናቸው አያስቡትም። የሞተር ኀይል በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኝ ስለሆነ፥ በፋብሪካው 40 የፈረስ ጉልበት የተባለው ሞተር እዚያ የሚሰጠው 33 ያህል ነው። ሐዋሳና ላንጋኖም ከዚህ ብዙ አይርቁም። ስለዚህ ሻጩን የከፍታውን ቁጥር ነግሮ፥ ለዚሁ የሚስማማ የመሽከርከሪያ እርምጃው ያነሰ ፕሮፔለር እንዲልክ መጠየቅ ያስፈልጋል። ካርበሬተር ያለው ሞተር ከሆነም የነዳጅ ማስገቢያ ቀዳዳው ለከፍታው ይስተካከል። ነገሩ የገንዘብ ብቻ አይደለም፤ በሰሌዳው የተጻፈውን ሰው ሁሉ ጭኖ የወጣ ጀልባ ነፋስ በተነሣበት ጊዜ ወደ ዳር ለመመለስ ጉልበት ቢያንሰው፥ ያ የጎደለው ሰባት ፈረስ በዚያች ሰዓት ይፈለጋል።

ትራንሰም አብዛኛውን ጊዜ የጀልባው ዝቅተኛ ጠርዝ ነው፤ ከባዱ ሞተርም ያረፈው በእርሱ ላይ ነው። ከዚህ የተነሣ ሞገድ በቀላሉ የሚገባው በኋላ በኩል ነው። ግንባሩ ግን ከፍ ያለና የሾለ ስለሆነ ሞገዱን ይከፍለዋል። መልሕቅ የሚታሰረው በግንባር እንጂ ፈጽሞ በኋላ መሆን የለበትም የሚባለው ስለዚህ ነው። መልሕቅ በኋላ የታሰረ እንደ ሆነ ገመዱ ትራንሰሙን ወደ ታች ይጎትተዋል፥ ነፋሱና ሞገዱም በዝቅተኛው በኩል ይመጣሉ፤ ጀልባው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሊሞላ ይችላል። የመልሕቅ ገመድ ርዝመት ደግሞ ከውኃው ጥልቀት ጋር እኩል ቢሆን ምንም አይጠቅምም። መልሕቅ የሚይዘው አግድም ሲጎተት ነው፤ ወደ ላይ ሲጎተት ይነቀላል። ስለዚህ ከግንባሩ እስከ ሐይቁ ወለል ያለው ርቀት ተለክቶ ገመዱ ከአምስት እስከ ሰባት እጥፍ ይለቀቃል፤ ርቀቱ 4 ሜትር ከሆነ 28 ሜትር ገመድ ያስፈልጋል። በመልሕቁና በገመዱ መካከል ጥቂት ሜትር ሰንሰለት ቢጨመር መያዙን ያጠነክረዋል። በጣና ይህ አያስቸግርም፤ ጥልቅ የተባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር አይበልጥምና። የቢሾፍቱ ሐይቆች ግን በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኙ ስለሆኑ ከዳሩ ጥቂት እንደ ራቁ ጥልቀታቸው ድንገት ይወርዳል፤ እዚያ በመልሕቅ ተማምኖ መውጣት አይገባም። ገመዱ የሚታሰርበት ሁለት ቀንድ ያለው ብረት ክሊት ይባላል። ገመዱ ሲወጠር በክሊቱና በገመዱ መካከል የገባ ጣት ይቆረጣል፤ ልጆች ከዚያ እንዲርቁ ይደረግ።

በጀልባው ውስጥ ከወለሉ ሥር ውኃ የሚጠራቀምበት ዝቅተኛ ስፍራ ቢልጅ ይባላል። ጀልባው ወደ የብስ ሲወጣ ይህ ውኃ እንዲወርድ በትራንሰሙ ግርጌ አንዲት ቀዳዳ ትተዋለች፤ የምትዘጋውም በውታፍ ነው። ይህች ውታፍ ተረስታ ወደ ውኃ የገባ ጀልባ ከዳር ሳይርቅ መሙላት ይጀምራል። በዋጋ ከዕቃው ሁሉ የምታንሰው እርሷ ናት፤ መለዋወጫ የሚያስመጣ ነጋዴ በርከት አድርጎ ቢያመጣት ትሸጣለች። ቤንዚን በሚጠቀም ጀልባ ደግሞ ቢልጅ ሌላ አደጋ አለበት። የቤንዚን ተን ከአየር የከበደ ስለሆነ ወደ ታች ወርዶ በዚያው ይተኛል፥ አንዲት ብልጭታም ትበቃዋለች። ተነቃቃይ የነዳጅ በርሜል ያለው ሰው በርሜሉን ወደ የብስ አውርዶ በመሬት ላይ አስቀምጦ ይሙላው፤ ጀልባው ውስጥ እንዳለ፥ ሲጋራ በሚጨስበት፥ ሞተሩ ሳይጠፋ መሙላት ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን።

ጀልባ እንደ አውቶሞቢል ፍሬን የለውም። ነጂው ከመቀመጫው ቢወድቅ ሞተሩ መግፋቱን አይተውም፤ መሪው የሚይዘው ስለሚያጣም ጀልባው ብዙ ጊዜ በክብ እየዞረ ወደ ወደቀው ሰው ይመለሳል። ይህን ለመከላከል በሞተሩ ላይ ማጥፊያ ቁልፍ፥ ከቁልፉም ጋር ላንያርድ የሚባል ጥምዝምዝ ገመድ ተሠርቷል፤ አንዱ ጫፍ በነጂው አንጓ ወይም ቀበቶ ይታሰራል፥ ሰውየው ሲወድቅ ገመዱ ተነቅሎ ሞተሩ ይጠፋል። በአሜሪካ ከ26 ጫማ በሚያንሱና ማጥፊያው በተገጠመላቸው ጀልባዎች ላይ ነጂው በፍጥነት ሲጓዝ ይህን እንዲያስር እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በሕግ ታዟል። ገመዱን በመሪው ላይ ጠምጥሞ የሚተው ነጂ ካለ ተሳፋሪው እንዲያስረው ይጠይቀው፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ስለ መንሳፈፊያ ሰደርያ፥ ብዙዎች ላይፍ ጃኬት ስለሚሉት፥ ጥቂት እንጨምር። አዋቂ ሰው በውኃ ውስጥ ራሱን ከውኃ በላይ ለማቆየት የሚጎድለው ማንሻ ከ3 እስከ 6 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። ሰደርያዎቹ በኒውተን ይለካሉ፤ 10 ኒውተን አንድ ኪሎ ያህል ያነሣል። ባለ 50 ኒውተኑ ዋና ለሚያውቅ ሰው መርጃ ነው እንጂ ራሱን የሳተን ሰው ፊቱን ወደ ላይ አያዞርም። ባለ 100ውና ባለ 150ው ግን አንገትጌያቸው ራስን የሚደግፍ ነው። ስለዚህ ዋና ለማያውቁ ተሳፋሪዎች ጀልባ የሚያከራይ ሰው 50 ገዝቶ ሰደርያ አለኝ ማለት አይገባውም። የልጆች ሰደርያ በዕድሜ ሳይሆን በኪሎ ይመረጣል፤ ሰፊው ሰደርያ ልጁ ውኃ ውስጥ ሲገባ ወደ ላይ ይወጣና ልጁን ጥሎት ይንሳፈፋል፤ በእግሮቹ መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው ይሻላል። በአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2023 በመንሸራሸሪያ ጀልባ አደጋ ከሞቱትና የሞታቸው ምክንያት ከታወቀው ሰዎች 75 በመቶው የሞቱት በመስጠም ሲሆን፥ ሰደርያ መልበስ አለመልበሳቸው ከተመዘገበው ሰጣሚዎች መካከል 87 በመቶዎቹ አልለበሱም ነበር። በመቀመጫ ሥር ተቆልፎ የተቀመጠ ሰደርያ ከእነዚህ ከ87ቱ ወገን ነው የሚቆጠረው፤ ጀልባ በተገለበጠ ጊዜ ሣጥን የሚከፍት የለምና።

በየሐይቁ ያሉት ነጂዎች ከመጽሐፍ የማይገኝ ዕውቀት አላቸው፤ ይጠየቁ። በጣና ጧት የረጋው ውኃ ከቀትር በኋላ በነፋስ እንደሚነሣ እነርሱ ያውቃሉ፤ ወደ ደሴቶቹ የሚሄድ ሰው በጧት ተነሥቶ ቀትር ሳያልፍ ቢመለስ መልካም ነው። ጉማሬ የሚውልበትንም ስፍራ ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ በጣና የታየው እምቦጭ በፕሮፔለሩ ላይ እየተጠመጠመ ሞተሩን ያቆማል፤ ስለዚህ ሞተር ያለው ጀልባ ሁሉ ሁለት መቅዘፊያ መያዝ አለበት። ፕሮፔለሩን ለማጽዳት ሞተሩ ጠፍቶ፥ የማጥፊያው ገመድም ተነቅሎ፥ ዘንጉ ወደ ላይ ይነሣል እንጂ እጅ ወደ ውኃ አይሰደድም።

ከዳር ሳይነሡ በፊት ነጂው ሁለት ደቂቃ ወስዶ ግንባሩን፥ ኋላውን፥ የጀልባውን ግራና ቀኝ፥ ሰደርያውንና ማጥፊያውን ለተሳፋሪዎቹ ያሳይ። አንድ ሰው ቢወድቅ መጀመሪያ ያየው ሰው «ሰው ወደቀ፥ በጀልባው ቀኝ!» ብሎ ይጩህ፤ ከዚያም ዐይኑን ከወደቀው ሰው ሳያነሣ በእጁ እያመለከተ ይቆይ፤ በሞገድ መካከል የሰው ራስ አንድ ጊዜ ከዐይን ከጠፋ እንደ ገና ለማግኘት ያስቸግራልና። ነጂው መሪውን የሚያዞረው ሰውየው ወደ ወደቀበት ጎን ነው። ይህ ለሰሚው ተቃራኒ ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን የሞተር ጀልባ ግንባሩ ወደ ቀኝ ሲዞር ኋላው ወደ ግራ ስለሚወረወር፥ ፕሮፔለሩ ከሰውየው የሚርቀው በዚህ ብቻ ነው። «በቀኝ» የተባለው በተሳሳተ ቀኝ ከተጠራ ግን ፕሮፔለሩ በሰውየው ላይ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ነጂው ዞሮ ግንባሩን ወደ ነፋሱ አድርጎ በዝግታ ይቅረብ፥ ሰውየው አጠገብ ሲደርስም ሞተሩን ፈጽሞ ያጥፋ። ሰውየውን አንድ ሰው ወይም ሁለት ሰዎች በጎን በኩል ሲጎትቱ የቀሩት ወደ ሌላው ጎን ተቀምጠው ሚዛኑን ይጠብቁ። የረጠበን ሰው በጠርዙ ላይ አንሥቶ ማስገባት ለጉልበተኛም ያስቸግራል፤ ስለዚህ ጀልባ የሚያዝ ነጋዴ ወደ ውኃ የሚዘረጋ መሰላል አብሮ እንዲላክለት በትእዛዙ ላይ ይጻፍ፤ መሰላሉም ቢያንስ ሁለት እርከን ከውኃው ፊት በታች የሚወርድ ይሁን።